የተኳረፉት ክሮች

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ተነሳሁ። ውሃ ጣድኩ፤ የሱቁን መስኮት ከውስጥ ወለወልኩ፤ አባቴን ቀሰቀስኩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገጩን ቀና አደረገልኝና የሸሚዙን ቁልፎች ቆለፍኩለት። ይህን ስናደርግ ሁሌም ስለ ሌላ ነገር ነው የምናወራው፤ ያን ዕለት ስለሚያፈሰው ጣሪያ አወራን። ሻዩን በግማሽ ኩባያ ቀዳሁለት፤ ከሞላ ይደፋበታል። ከዚያ ሱቁን ከፈትን።

ሱቃችን የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ነው፤ ባለ ክር ብቻ። አባቴ ሠላሳ ዓመት በሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ነው የከፈተው፤ ሰው አሁንም “መምህር” ይለዋል። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት እጆቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረን፤ ያን ስም ቤታችን ውስጥ ጠርተነው አናውቅም። ሥራውን እኔ ያዝኩ። በየጠዋቱ መስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ የተከፈተ ቫዮሊን አስቀምጥለታለሁ፤ ሞረዱን ከቀኝ እጁ አጠገብ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ። ለመንገደኛ መምህር ሥራ ላይ ናቸው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። ደንበኛ ዕቃውን ሊወስድ ሲመጣ አባቴ እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ “እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ተጠንቅቀህ ያዘው” ይላል። አንድ ቀን እንኳ አላረምኩትም። ጆሮው ግን አልተነካም። ከመጋረጃው ኋላ ክር ስቃኝ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ትንሽ ወርዷል፣ ከፍ አድርጊው ይለኛል፤ ሁሌም ልክ ነው።

ይህን ከቤተሰባችን ውጪ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስምንቴ ይሉታል፤ ባለ ስምንት ክሩ ማንዶሊን ከብብቱ ስለማይለይ የአውቶቡስ ጋራዡ መካኒኮች ያወጡለት ስም ነው። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ጋራዥ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ስምንቴ ልጅ ሳለ አባቴ ዘንድ ቫዮሊን ይማር ነበር፤ ግን ቫዮሊኑን ጭኑ ላይ አስተኝቶ በጥፍሩ ሲመታ ሦስት ጊዜ ተያዘና ከክፍል ተባረረ። አባቴ ይህን አልረሳም። ስሙ በተነሳ ቁጥር “ያ ቫዮሊን የሚያስተኛው” ይላል፤ የመካኒክ ልጅ ሁሉ ነገር በመፍቻ የሚፈታ ይመስለዋል እያለ ያሽሟጥጣል።

ባለፈው ዓመት የተሰነጠቀ ማንዶሊኑን አስጠግኖ ሊወስድ ሲመጣ ነፋስ መጋረጃውን ገለጠውና እጄ ኮላ በኮላ ሆኖ አየኝ። አባቴ እንደ ወትሮው እኔ ነኝ የሠራሁት አለው። ስምንቴ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል፣ “እጅዎ ይባረክ፣ መምህር” አለ። ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር ለአባቴ የሚላት ምስጋና መጋረጃውን አልፋ እኔ ጋ ትደርስ ነበር። የሚያውቅብኝ ሰው መኖሩ እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ጋራዡ ድረስ ሄጄ ሰማሁት። ሦስት ናቸው፤ እሱ፣ ትልቁን ቫዮሊን ቼሎን የምትጫወተው ረጅሟ የምንላት ሴት፣ ከቼሎም የሚተልቀውን ኮንትራባስ የሚጫወተው ባሏ። በአውቶቡሶቹ መሀል የዘይት በርሜል ገልብጠው ተቀመጡ። ወጣቱ ሁሉ የሚጨፍርበትን ዘፈን አዘግይተው እንደ ለቅሶ ተጫወቱት፤ ሰው ፀጥ አለ። ለቫዮሊን የተጻፈ የጥንት ክላሲክ አነሱና ደግሞ እንደ ሠርግ አፈጠኑት፤ መካኒኮቹ ብረት በመፍቻ እየመቱ ተቀበሏቸው። ረጅሟ ቼሎዋን አንዴ በቀስት ትስባለች፣ አንዴ ሆዱን በመዳፏ እንደ ከበሮ ትመታለች። መጨረሻ ላይ ስምንቴ ቀስቷን ነጠቃትና በማንዶሊኑ ክሮች ላይ ሳበው። ማንዶሊን ለቀስት አልተሠራም፤ መጀመሪያ እንደ ዛገ በር ጮኸ፤ ቀጥሎ ግን ሰው አፉን ዘግቶ የሚያንጎራጉር የሚመስል ድምፅ አወጣ። ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ የታወሰኝ ያኔ ነው።

ማንዶሊን ስምንት ክር ይኑረው እንጂ ክሮቹ የሚቆሙት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው፤ የአንድ ጥንድ ሁለት ክሮች አንድ ድምፅ መስጠት አለባቸው። አንድ ቀን ስቃኝለት ሰው ጠራኝና ሦስተኛውን ጥንድ ሳልጨርስ ትቼው ሄድኩ። ስመለስ ስምንቴ በዚያው እየተጫወተበት ነበር። ሁለቱ ክሮች በጥቂቱ ተለያይተው ድምፁ ይርገበገባል፤ ደስታም ኀዘንም አይደለም፣ በመሀላቸው ያለ ነገር ነው። አባቴ ከወንበሩ፣ “ሦስተኛዎቹ ተኳርፈዋል፤ አስታርቂያቸው” አለ። ስምንቴ በሹክሹክታ፣ “ተያቸው” አለኝ።

ያ ድምፅ እንዲጸናለት ብዬ በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያርፉባትን ትንሽ አጥንት አውጥቼ ሌላ ቀረጽኩለት። ለአንዱ ክር ሰፋ ያለ ቦይ ቆረጥኩና ወፈር ያለ ክር አስገባሁበት። ያን ድምፅ የሚያወጣ ሌላ ማንዶሊን አላውቅም። ስምንቴ በእሱ አንድ ዜማ ሠራና “ኩርፊያ” አለው። ለማን እንደሠራው አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ያላስፈለገኝ ነገር በሕይወቴ ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት ሐሙስ ዕለት ረጅሟ ማንዶሊኑን ለጉዞ ይፈተሽ ብላ አመጣችው። ከመያዣው ኪስ ውስጥ ደብዳቤ ነበረ።

“ሁለት ጊዜ አብረን እንሂድ አልኩሽ፤ ሁለት ጊዜ አለቀስሽ። ሦስተኛ በአፍ አልጠይቅሽም፤ ዓይንሽ እያየኝ አይሆንም ስትይ መቆም አልችልም። መርከቡ ለሁለት ዓመት ሙዚቀኛ አድርጎ ቀጥሮናል። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ጋራዡ ውስጥ የመጨረሻችንን እንጫወታለን፤ እንደጨረስን አውቶቡሱ ወደ ወደቡ ይወስደናል። ሁለት ወንበር ይዣለሁ። የምትመጪ ከሆነ ኩርፈኞቻችንን እንዳሉ ተያቸው። የማትመጪ ከሆነ አጥንቷን ቀይረሽ እንደ ሌላ ሰው ማንዶሊን ቀና አድርጊልኝ። ገና ስይዘው አውቀዋለሁ። ምክንያትሽን አልጠይቅም፤ ምክንያትሽን አውቀዋለሁና። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል።”

ሁለት ጊዜ ማልቀሴ እውነት ነው። ለጉዞ ወረቀት ካመለከትኩ ግን ሁለት ወር አልፎኝ ነበር፤ ይህን አያውቅም። ለአክስቴ ብቻ ነገርኳት። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ወንድሜን ሱሪ መታጠቅ ሳይችል ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ቁልፍ መቆለፍ ቢያቅተው ምን ይደንቃል አለችኝ። ሱቁስ አልኳት። ሱቁ ይዘጋ፣ ጡረተኛ ነው፣ ይረፍ አለች። “አንቺ ሂጂ። እኔ አለሁ። እንዲያውም ከአንቺ ይልቅ እኔን ይፈራል።”

ዓርብ ማንዶሊኑን ፈተሽኩ። መቃኛዎቹን ዘይት ቀባሁ፣ ሆዱን ወለወልኩ፣ ሦስተኛውን ጥንድ አልነካሁትም። ከመጋረጃው ኋላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩት። ረጅሟ ቅዳሜ በስድስት ሰዓት ትወስደዋለች። አባቴን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አስቀምጬ እነግረዋለሁ ብዬ ቃላቱን ሳሰናዳ ዋልኩ። አንዱም አላማረኝም፤ ልቤ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ከፍተን አባቴን ቦታው ካስቀመጥኩ በኋላ ጉዳይ አለኝ ብዬው ወረቀቱን ላነሳ ሄድኩ። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በአምስት ሰዓት እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ፎቶግራፌን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና ጆሮዬ አይታይም አለ። ጆሮዬ ምን ያደርጋል አልኩት። እሱም ጆሮ የሌለው ሰው መሻገር አይችልም ብሎ ሳቀ፤ ኋላዬ የተሰለፉትም ሳቁ። ፀጉሬን ወደ ኋላ አስሬ ሌላ ፎቶ ተነሳሁ፤ እስኪታጠብ ጠበቅኩ፤ እንደገና ተሰለፍኩ። ሊዘጉ ሲሉ ማኅተሙ ተመታልኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከደብዳቤው ጎን ከትቼ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ፈገግ እያልኩ እንደሄድኩ ያወቅኩት የማላውቃት ሴት መልሳ ፈገግ ስትልልኝ ነው።

ስገባ ስምንት ሰዓት አልፏል። አክስቴ መጥታ የአባቴን ክራባት እያሰረች ነበር። ዛሬ ሙሽራ ሆኖልሻል አለችኝ። አባቴ ፊቱ በርቷል። መጋረጃው ወለል ብሎ ተከፍቶ ሞርሳው ዙሪያ ነጭ የአጥንት ዱቄት ተበትኗል።

“አጥንት ስንት ነበረን?” አለኝ።

“ሰባት።”

“ስድስቱን አበላሸኋቸው። ሰባተኛዋ ግን…” አለና አልጨረሰውም። ሁለቱን እጆቹን አነሳልኝ። ይንቀጠቀጣሉ። የግራው ሦስት ጣቶች በፕላስተር ተጠቅልለዋል።

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ማንዶሊኑን በጆሮው ያውቀው ነበር፤ ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ ክሮቹን ሲነካቸው ሦስተኛዎቹ ዛሬም እንደተኳረፉ ናቸው፤ እኔ ረስቼው መስሎታል። ልጁ ባሕር ሊሻገር ነው፤ የባዕድ ሰው ይህን ሰምቶ ማን ሠራው ቢለው ምን ይላል? አጥንቷን ሞርሳ ላይ አሰረ፤ ክንዶቹን ጠረጴዛው ላይ ተጫናቸው፤ ትንፋሹን ይዞ አንድ ጊዜ ይሞርዳል፣ ያርፋል፣ ደግሞ አንድ ጊዜ። ክሮቹን አክስቴ ያዘችለት፤ ወፍራሙን አውጥተው ትክክለኛውን አገቡ። አክስቴ ስለ ክር የምታውቀው ነገር የለም፤ ያዢ ሲላት ያዘች።

“ከክፍሌ ያባረርኩት ልጅ ነው” አለ አባቴ። “አንድ ቀና ነገር ከእጄ ይዞ ይሂድ ብዬ ነው።”

ረጅሟ በስድስት ሰዓት መጥታ ወስዳዋለች። መምህር ራሱ ነው የሠራው ብለሽ ንገሪው ብሏታል። ስቃ እሺ ብላዋለች።

ወደ ስልኩ ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ ያነሳው ሰው ከሞተር ጩኸት ጋር እየታገለ ማንን፣ ማንን እያለ ዘጋው። ድጋሚ ስደውል የሚያነሳ ጠፋ። አባቴ ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ስምንት ወር ከቤትና ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም። እጄ ምን እንዳወጣ ልስማው እንጂ አለኝ። ሮጬ ልቅደማችሁ ማለት እችል ነበር። እሱ ግን ክንዴን ይዞ ደረጃውን መውረድ ጀምሮ ነበር።

አባቴ አጭር አጭር ነው የሚራመደው። እያንዳንዱን የመንገድ ጠርዝ ቆሞ ያየዋል። አክስቴ በሌላ ጎኑ ሆና፣ ወንድሜ ዛሬ ብንደርስ ደስ ይለኛል ትለዋለች፤ እሱም ሲስቅ ይቆማል። ሦስት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ እኔ አይደለሁም የሠራሁት። ቀድሜ ደርሼ፣ ስምንቴን ጎትቼ ወደ አንድ አውቶቡስ ኋላ ወስጄ፣ ሦስት ቃል። በእያንዳንዱ እርምጃ እደግማቸው ነበር፤ እርምጃው ግን የአባቴ ነበር።

ስንደርስ ጀምረዋል።

መካኒኮቹ ቱታቸውን እንደለበሱ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። ለአባቴ ከሾፌሮቹ አንዱ ወንበር ለቀቀለት። አባቴ መጀመሪያ እንደ ፈታኝ ነበር የተቀመጠው፤ አገጩ ቀና፣ እጆቹ ኪሱ ውስጥ። ሦስቱ በሬዲዮ ሁሌ የምንሰማውን የጭፈራ ዘፈን ተጫወቱ። ኮንትራባሱ እንደ አዛውንት ወደ ኋላ እየቀረ፣ ማንዶሊኑ እንደ ሕፃን ቀድሞት እየሮጠ፣ ቼሎዋ መሀል ሆና ሁለቱን እየገሠጸች። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥለው እሱ ራሱ ሠላሳ ዓመት ያስተማረውን የቫዮሊን መልመጃ አወጡ፤ ያንኑ ተማሪ ሁሉ የሚጠላውን፤ ግን እንደ ባቡር መንኮራኩር አስኪደውት፣ ረጅሟ የቼሎዋን ጎን እየመታች። አባቴ ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ስምንቴ ማንዶሊኑን ጭኑ ላይ አስተኝቶ በቀስት ሲስበው አባቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ “ለካስ ማስተኛቱ ልክ ነበር” አለኝ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

እኔም ሰማሁ። እንዲህ ሆኜም ሙዚቃው ደስ አለኝ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ ማስረዳት አልቻልኩም።

የመጨረሻው “ኩርፊያ” ነበር። ስምንቴ ከመጀመሩ በፊት ክሮቹን አንድ ጊዜ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። ከዚያ ተጫወተው። ሦስተኛው ጥንድ ጥርት ብሎ ወጣ። ምንም የሚርገበገብ ነገር አልነበረበትም። ቆንጆ ነበር፤ እንደ ማንኛውም ማንዶሊን። መሀል ላይ ቀና ብሎ አየኝ። የተናደደ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ የመጣበት ቤት ተቆልፎ ያገኘ ሰው እንደሚያይ ነው ያየኝ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ክሮቹ መለሰና እስከ መጨረሻው አላነሳውም።

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። “ሰማሽ?” አለ አባቴ። “ታረቁ።”

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሳ። ዕቃ መጫን ጀመሩ። አባቴ ወንበሩን ተደግፎ ተነሳና ወደ እነሱ ሄደ፤ ክንዴን ስለያዘ እኔም አብሬ ሄድኩ። ስምንቴ መምህሩ ሲመጡ እንዳየ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ።

“አጥንቷን አየሃት?” አለው አባቴ። “እኔ ነኝ የሠራሁት።”

ስምንቴ ወደ እኔ ተመለከተ። ዓመት ሙሉ የማውቀው ፈገግታ ከንፈሩ ላይ መጣ፤ ዓይኑ ድረስ ግን አልደረሰም።

“አውቃለሁ፣ መምህር። እጅዎ ይባረክ።”

የገባኝ ያኔ ነው። አባቴ ያችን ዓረፍተ ነገር መቶ ጊዜ በውሸት ተናግሯታል፤ መቶውንም ጊዜ ስምንቴ እኔ መሆኔን አውቋል። ዛሬ እውነት ናት፤ የሚያምናት ግን የለም። የአባቴን እጅ ከካፖርቱ ኪስ ባወጣው ይበቃ ነበር። ሦስቱ የተጠቀለሉ ጣቶች ሁሉንም ይናገሩ ነበር። እጄን እጅጌው ላይ አሳረፍኩ። በጨርቁ ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ዙሪያችንን መካኒኮቹ ቆመዋል፤ መምህር እያሉ ባርኔጣቸውን ያወልቁለታል። ለስምንቴ ዛሬ እውነቱን ነው ብል፣ የሌላው ቀን ሁሉ ምን እንደነበረ ለአባቴ መንገሬ ነው፤ ያውም ልጁ ከመጀመሪያው ያውቅ እንደነበር፣ ያውም ዛሬ።

“አንቺስ አየሽው?” አለኝ ስምንቴ።

“አየሁት።”

“እንዲሁ ይሁን?”

አባቴ ሳቀ። “ምን ይጠይቃታል፤ እንዲሁ ነው እንጂ!” አለ።

ስምንቴ መልሱን ከእኔ ጠበቀ። የሾፌሩ ጥሩምባ አንድ ጊዜ ጮኸ። እጄ አሁንም እጅጌው ላይ ነው፤ ትንሽ ብስበው ይወጣ ነበር።

“አባቴ ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው” አልኩ።

እውነት ነበር። ስምንቴ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደተሰናበተ ሰው። “ደህና ሁኚ” አለኝ። ለአባቴ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና ማንዶሊኑን ብብቱ ሥር ይዞ ወጣ። አክስቴ ከኋላዬ ጎኔን ጎሰም አድርጋ፣ “ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ እንጂ፣ ወንድሜን እኔ ይዤዋለሁ” አለችኝ። ዞሬ አየኋት። አውቶቡሱ ሲዞር በመስኮቱ አየሁት። ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ የማንዶሊኑን መያዣ አስቀምጦ አቅፎታል። ወንበሩ ባዶ እንዳይመስል ይሆናል። እግሬ እንዲነሳ ጠበቅኩ፤ የራሴን እግር እንደ ሌላ ሰው እግር ቆሜ ጠበቅኩት።

ሰኞ አባቴ አንድ አጥንት ስጪኝ፣ እሞክራለሁ አለ። አዲስ ገዝቼ ሰጠሁት። እስከ ቀትር ሞከረ። ከዚያ ሞረዱን ከቀኝ እጁ አጠገብ መልሶ አስቀመጠና መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንዳደርግለት ጠየቀኝ። ስለ ጣሪያው አወራን።

ደብዳቤ ጀምሬያለሁ። ያን ቀን በእውነት እሱ ነበር የሠራው ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ቀጥሎ የሚጻፈው ሁሉ የአባቴ ገመና ነው፤ የእኔ አይደለም፤ አልቀጠልኩትም።

አሁን ከመጋረጃው ኋላ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ጊታርና አንገቱ የተሰበረ ቼሎ አለ። ማንዶሊን የለም።